ከሁለት ነጥብ በኋላ የምትመጣ ከተማ

ድሬዳዋ ውስጥ የሰው ግቢ የገባ ሰው በርሜሉን ሳያይ አይወጣም። ሰማያዊ የፕላስቲክ ነው፣ ወይም ወገቡን ዝገት የበላው የብረት በርሜል፤ አቅም ያለው ሮቶ ያስቀምጣል፤ በድሮዎቹ ቤቶች ደግሞ በሲሚንቶ የተገነባ ገንዳ ይገኛል። ውሃ በፈረቃ ስለሚለቀቅ በመጣ ሰዓት ሁሉም ያለውን ዕቃ ይሞላል፤ በጠፋ ሰዓት እየጨለፈ ይጠቀማል። በዚያ ሙቀት ውሃ ሳያጠራቅሙ ማደር የማይታሰብ ነው።

ይህ በርሜል ከተማዋን በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አሳምሟታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊ ትኩሳት ገባ። በ2019 ቺኩንጉንያ መጥቶ ሰዉን በመገጣጠሚያ ሕመም አጎበጠው። በ2022 ተራው የወባ ሆነ፤ በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 ብቻ የነበረው የከተማዋ የወባ ታማሚ ቁጥር፣ በ2022 በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ብቻ ከ2,400 አለፈ። ዴንጊንና ቺኩንጉንያን የሚያዛምተው ኤደስ የሚባለው ትንኝ ነው። ከወባው ጀርባ የተገኘው ግን አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለ፣ ከእስያ የመጣ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ታየ፤ በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘ፤ በ2018 በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞች በተደረገ ቅኝት ድሬዳዋም መግባቱ ታወቀ። ሁለቱ ትንኞች ዘራቸው ቢለያይም የሚፈለፈሉበት ቤት አንድ ነው፤ ሰው ያጠራቀመው ውሃ።

ስለ ወባ ከልጅነታችን የምናውቀው ሌላ ነበር። ወባ የገጠር ናት፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ ውሃው ሲያቁር፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ትነሳለች። ረግረግ ማፋሰሱ፣ ኩሬ ማዳፈኑ፣ ዘመቻው ሁሉ የተቀዳው ከዚህ ዕውቀት ነው። አዲሱ ትንኝ ግን ዝናብ አይጠብቅም። ከተማ ይስማማዋል፤ እማወራዋ ለልጆቿ ብላ የሞላችው ንጹሕ ውሃ ይበቃዋል።

የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሳይንቲስቶች ከባልደረቦቻቸው ጋር የ2022ቱን ወረርሽኝ እግር በእግር ተከታትለው፣ ያገኙትን በዓመቱ ኔቸር ሜዲስን በተባለው መጽሔት አወጡ። ጥናቱ ከተካሄደባቸው ቦታዎች አንዱ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማደሪያ ነበር። የዶርም ልጆች በዚያ ጥናት ውስጥ አሉ ማለት ነው፤ ያሉት ግን ደማቸው የተመረመረ ታማሚዎች ሆነው ነው። ይህን የምለው ሳይንቲስቶቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ሥራቸው ለአፍሪካ ከተሞች ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሆኗል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ሰሞን ስንት የመመረቂያ ዓመት ተማሪ «ርእስ አጣሁ» እያለ በዚያው ዶርም አልጋው ላይ ተጋድሞ ይሆን?

* * *

በሀገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሊመረቅ ሲል የሚሠራው ጥናት ስሙ ብዙ ነው። ታሪክና ቋንቋ ያጠና ሲኒየር ኢሴይ ይለዋል፣ ኢንጂነሩ ፋይናል ፕሮጀክት፣ የጤናው ልጅ ሪሰርች። ርእሶቹ ግን የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። «የእንትን ተጽእኖ በእንትን ላይ» ይባልና ሁለት ነጥብ ይደረጋል፤ ከሁለት ነጥቡ ቀጥሎ «በድሬዳዋ ከተማ» ይመጣል። ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለው ከሌላ ሀገር ጽሑፍ የተወሰደ ነው። ከኋላው ያለው የሚነሳና የሚተካ ነው፤ ድሬዳዋን አውጥቶ ሐዋሳን ቢያስገቡበት ጽሑፉ አይናጋም። ከተማዋ እዚያ የተቀመጠችው ፖስታ ላይ እንደሚጻፍ አድራሻ ነው።

በሰው ላይ ከመፍረዴ በፊት የራሴን ልናገር። የራሴን የመመረቂያ ጽሑፍ ከዓመታት በኋላ አውጥቼ ሳነበው «እንደሚታወቀው» የሚለው ቃል በየገጹ ተደርድሮ አገኘሁት። በማን እንደሚታወቅ አንድም ቦታ አልተጻፈም። ጥራዙ ወፍራም ነው፣ ሽፋኑ ጥቁር ነው፣ ስሜ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ እኔ ራሴ ሄጄ፣ አይቼ፣ ቆጥሬ ያመጣሁት ነገር ከሁለት ገጽ አይበልጥም። የሚገርመው፣ ከዩኒቨርሲቲ ዘመኔ ዛሬም በቃሌ የቀረው እነዚያ ሁለት ገጾች ላይ ያለው ነው።

ስለዚህ ተማሪ ከምርምር ምን ያገኛል ተብሎ ሲጠየቅ መልሴ በቅድመ ሁኔታ የታሰረ ነው። ከተማዋ ከሁለት ነጥቡ በፊት ከገባች ብዙ ያገኛል። ካልገባች ጥራዝ ያገኛል።

በርሜሉን ይዘን እንየው። አንዲት ተማሪ እናስብ፤ ጤና የምታጠና፣ ከደሴ በኩል የተመደበች። በመጀመሪያው ዓመት የድሬ ሙቀት እንቅልፍ ነስቷት ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች፣ «አቦ» ማለትም ጀምራለች። መመረቂያዋ ደርሶ ፕሮፖዛል አምጪ ተባለች። መጀመሪያ ይዛ የምትሄደው ርእስ የሚገመት ነው፤ የነዋሪዎች ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር ስለ ወባ፣ ሁለት ነጥብ፣ በድሬዳዋ። አማካሪዋ ሥራ የሚወድ ሰው ከሆነ እስክሪብቶውን አስቀምጦ «ምን ለማወቅ ነው የፈለግሽው?» ይላታል። ዝም ትላለች። በ16 ዓመት የትምህርት ዘመኗ ይህን ጥያቄ የጠየቃት ሰው የለም። እስካሁን የተጠየቀችው የምታውቀውን ነው።

ሳምንት አስባ፣ ሁለቴ ተመላልሳ፣ ጥያቄዋ ይህን ያህል ትሆናለች እንበል፦ ክዳን ባለው በርሜልና ክዳን በሌለው በርሜል ውስጥ የትንኝ እጭ እኩል ይገኛል ወይ?

ጥያቄው ሲያንስ ሥራው ይበዛል። የመጀመሪያው ቤት ገብታ የምታየው በርሜል ላይ ቆርቆሮ ጣል ተደርጓል፤ ግማሹን ብቻ ይሸፍናል። ይህ ክዳን አለው ይባላል? ሁለተኛው ቤት ነጠላ ታስሮበታል፣ ነጠላው ተቀዷል። ሦስተኛው ጣውላ ነው፤ ላዩ ላይ ድንጋይ ተጭኖበታል፣ ዙሪያው ግን ጣት ያስገባል። ማታ ዶርም ተመልሳ «ክዳን» የሚለውን ቃል መተርጎም አለባት። ከእናቷ ጓዳ ጀምሮ የምታውቀው ቃል በአንድ ቀን ውስጥ የማታውቀው ይሆንባታል። መዝገበ ቃላት አይረዳትም፤ ራሷ ወስና፣ ጽፋ፣ እስከ መጨረሻው ቤት በዚያው ቃሏ መጽናት አለባት። ሕግ የሚያረቅ፣ ውል የሚጽፍ፣ በጀት የሚደለድል ሰው ሁሉ የሚያስፈልገው ችሎታ ይህ ነው። ከክፍል ውስጥ ትምህርት ይልቅ የተቀደደ ነጠላ ያስተምረዋል።

ቀጥሎ የየትኛው ቤት በርሜል የሚለው ይመጣል። የሚቀለው ሳቢያን ሰፈር ያሉ ጓደኞቿ ዘንድ ሄዶ አርባ በርሜል መቁጠር ነው። ነገር ግን ሳቢያን ገንደ ቆሬ አይደለም፣ ከዚራም መጋላ አይደለም። ከዚራ ባቡሩን የሠሩት ፈረንሳዮች በማስመሪያ የነደፉት፣ ቀጥ ያለ መንገድና ጥላ ያለው ሰፈር ነው። ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ ማዶ መጋላ ውስጥ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ቤቱ ይጠጋጋል። አንድ ሰፈር ቆጥሮ «ድሬዳዋ» ብሎ መጻፍ ከድስቱ ዳር ቀምሶ ስለ መሃሉ መመስከር ነው። ወጥ የሚቀምስ ሰው መጀመሪያ ያማስላል፤ ናሙና በዕጣ የሚወጣውም ለዚሁ ነው። ስታቲስቲክስ ኮርስ ላይ ለፈተና ሸምድዳው የረሳችው ነገር እዚህ ላይ ሥጋ ይለብሳል።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ በር ብታንኳኳ የምታገኘው እማወራዋን ወይም ሠራተኛዋን ነው። ከምሳ በኋላ ከተማዋ በሙቀት ትተኛለች፤ የቀረው በርጫ፣ ማለትም ጫት ላይ ነው። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ተማሪ ያን ሰዓት የጠፋ ሰዓት አድርጎ ይቆጥረዋል። የድሬን ሰው የሚያውቅ ግን ወሬ የሚገኘው ያኔ እንደሆነ ያውቃል፤ ውሃ ስንት ቀን እንደጠፋ፣ ማን እንደታመመ፣ የትኛው ክሊኒክ ምን እንዳለ ያኔ ይነገራል። እሱን መስማት ደግሞ መጠይቁን ቦርሳ ውስጥ ከቶ መቀመጥን ይጠይቃል።

መጠይቁ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ የዩኒቨርሲቲው ቋንቋ ነውና። ድሬዳዋ ውስጥ ግን በአንድ ግቢ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ይነገራል፤ የድሬ ልጅ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአንዱ ጀምሮ በሌላው ይጨርሰዋል። ወባ በኦሮምኛ ቡሳ ነው፣ በሶማልኛ ዱሞ፤ በአማርኛም ሽማግሌ ካገኘች ንዳድ ሊሏት ይችላሉ። ታዲያ «ባለፈው ዓመት ወባ ታመው ያውቃሉ?» ስትል አንዱ በክሊኒክ የተረጋገጠውን ይቆጥራል፣ ሌላው ትኩሳት ያለበትን ሁሉ። ቺኩንጉንያውም ዴንጊውም በዚያ «አዎ» ውስጥ ተጠቅልሎ ሊመጣ ይችላል። አንድ ቃል ሦስት በሽታ ሲሸከም በዓይኗ ያየች ተማሪ ከዚያ በኋላ በዜና የሚነገር ቁጥር ስትሰማ «እንዴት ተጠይቆ የተገኘ?» ማለቷ አይቀርም። እኔ ለአንድ ዜጋ ከዚህ የበለጠ ትጥቅ አላውቅም።

መሣሪያዋ ውድ አይደለም። ባትሪ፣ ጭልፋና ነጭ ሳህን ይበቃታል። ከበርሜሉ ቀስ ብላ ትጨልፋለች፤ ውሃው ከተናወጠ እጮቹ ወደ ታች ይጠልቃሉ። ሳህኑ ላይ ስታፈሰው ሲወራጩ ይታያሉ። እዚህ ላይ መማር ያለባት አንድ ምልክት አለ። የኤደስና ኩሌክስ የሚባለው የሌላው ትንኝ እጮች በጅራታቸው በኩል የመተንፈሻ ቱቦ ስላላቸው ቱቦውን ወደ ላይ አድርገው፣ ራሳቸውን ቁልቁል ዘቅዝቀው ይንጠለጠላሉ። የወባዋ ትንኝ እጭ ግን ያን ቱቦ አልታደለም፤ አየር ለማግኘት ውሃው ፊት ላይ ጠፍጣፋ ተኝቶ መንሳፈፍ አለበት። የተንጠለጠለውን ከተኛው መለየት ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ ዓይንና ትዕግሥት ይበቃል። ስቴፈንሲ መሆኑን ማረጋገጥ የባለሙያ ሥራ ነው፤ የወባ ትንኝ ዘር መሆኑን ግን እሷም ትለየዋለች። ባለቤቲቱም ጎንበስ ብለው ካዩ እሳቸውም።

አርባ ቤት ስትጨርስ የጠበቀችው አልሆነም እንበል። ክዳን አላቸው ብላ የመዘገበቻቸው በርሜሎች ውስጥም እጭ ሞልቷል። ያን ለታ ማታ ሁለት መንገድ ይታያታል። ቁጥሩን ትንሽ ብትነካካው ማንም አያውቅም፤ አማካሪዋም አርባ ቤት ዞሮ አይቆጥርም። ሌላው መንገድ ማስታወሻዋን ገልጣ እነዚያን «ክዳን ያላቸው» በርሜሎች እንደገና ማየት ነው፤ ቆርቆሮው፣ ነጠላው፣ ጣውላው። ትንኝ ለመግባት የጣት ቀዳዳ ይበቃታል። ገጥሞ የማይዘጋ ክዳን ደግሞ ውሃውን ጥላ አድርጎ ሊያቆይላት ይችላል። ጥያቄዋ ተለወጠ ማለት ነው፤ ክዳን አለው ወይ ከሚለው ክዳኑ ይገጥማል ወይ ወደሚለው።

ተማሪ ከምርምር ከሚያገኘው ሁሉ እኔ የማስበልጠው ይህን ማታ ነው። ትምህርት ቤት ከኬጂ ጀምሮ የተሳሳተ መልስ በቀይ እስክሪብቶ የሚሰረዝበት ቦታ ሆኖብን ነው ያደግነው። ልጁ ስህተትን ይደብቃል፣ ከጎረቤቱ ወረቀት ያያል፣ ካልሆነለት ባዶ ይተወዋል። ምርምር ላይ ግን ስህተቱ ራሱ ግኝት ነው፤ ከተሰረዘ የሚቀር ነገር የለም። ይህን አንዴ የቀመሰ ሰው በኋላ ሐኪም ቢሆን የመጀመሪያ ግምቱን የሚጠራጠር ሐኪም ይሆናል፤ ኢንጂነር ቢሆን ድልድዩ ለምን እንደተሰነጠቀ ሳይሸማቀቅ የሚጠይቅ።

* * *

ድሬዳዋ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የተመቸች ናት። ሌላ ምሳሌ ደቻቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ይነግድበታል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት ከላይ ከተራራው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቤት አልባ አደረገ። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የገቡት ሐዘኗ ወዳልደረቀ ከተማ ነው። ያን ሌሊት የኖሩ ሰዎች ዛሬም ግድግዳቸው ላይ ውሃው የደረሰበትን በእጃቸው ሊያሳዩ ይችላሉ። ለሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ያ እጅ መለኪያ ነው። የእጁን ከፍታ ከወንዙ ወለል ለክቶ፣ የወንዙን ስፋትና ቁልቁለት ጨምሮ፣ በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንዳለፈ በቀመር መገመት ይችላል። ቀመሩ ከመጽሐፍ ይመጣል፤ ከፍታው ግን ከሰው ትውስታ ነው የሚገኘው፣ ያንን ለማግኘት ደግሞ አስቀድሞ የሐዘኑን ታሪክ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ሰው ወደሞተበት ግድግዳ ሜትር ይዞ የሚሄድ ልጅ ትሕትናን ከየትኛውም ኮርስ በላይ እዚያ ይማራል።

ባቡሩም አለ። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከሐዲዱ ጋር የተወለደች ከተማ ናት፤ ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላቃተው ሜዳው ላይ የቆመች። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀ፤ የድሮው ለገሃር ዝም ብሏል። በፈረንሳይኛ ስም የሚጠሩ መፍቻዎችን የጨበጡ ሠራተኞች እያረጁ ነው። የታሪክ ተማሪ መቅረጫ ይዞ ዛሬ ካልሄደ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚሄድበት ቤት አይኖርም።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተከፈተ ማግስት፣ በ1940ዎቹ፣ ተማሪዎች የብሔረሰብ ጥናት ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ከጀርባቸው ፖላንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ስታኒስላው ሆይናትስኪ ነበሩ። ልጆቹ ስለየሀገራቸው ሠርግ፣ ለቅሶና እርሻ ጽፈው አመጡ፤ ማኅበሩም በቡሌቲን አሳተመው። የሰበሰቡት ዕቃና ጽሑፍ ዛሬ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ካቋቋመው ጥሪት ውስጥ ይቆጠራል። ገና ዲግሪ ያልያዙ ልጆች ናቸው። ርእስ አላጡም ነበር፤ ርእሳቸው ያደጉበት ቤት ነው።

ቀጥሎ የታሪክ ትምህርት ክፍሉ መጣ። የባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ የምንጭ ዝርዝር ያየ ሰው የመጀመሪያ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፎች ከታላላቅ መጻሕፍት ጎን ተሰልፈው ያገኛል። አንድ የ22 ዓመት ልጅ ወደ አውራጃው ተመልሶ ከሽማግሌ አፍ የጻፈው ነገር ሌላ ቦታ ስለሌለ፣ ታላቁ ታሪክ ጸሐፊ ወደ እሱ ይመጣል። ጤናውም የራሱ መንገድ አለው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪውን በቡድን ወደ ሕዝቡ ይልክ ነበር፤ ጅማም ማኅበረሰብ ውስጥ ገብቶ መማርን መለያው አድርጎ የተማሪ ምርምርን በሥርዓተ ትምህርቱ አስገብቷል።

በሌላው ዓለም ነገሩ ስም ያገኘው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ማርጋሬት ማክቪካር የተባሉት የፊዚክስ ባለሙያ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከመምህራን ጋር የሚመራመሩበትን ፕሮግራም ጀመሩ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከዚያ ቀዱ። በ2004 ኢሌን ሲሞርና ባልደረቦቿ በአራት የአሜሪካ ኮሌጆች የበጋ ምርምር የሠሩ 76 ተማሪዎችን አነጋግረው ያወጡት ጥናት በመስኩ ደጋግሞ ይጠቀሳል። ተማሪዎቹ ብዙ እንዳተረፉ ተናገሩ፤ በራስ መተማመን፣ እንደ ሳይንቲስት ማሰብ፣ ነገ ምን መሆን እንደሚፈልጉ መለየት። እኔን የሳበኝ ግን ከዚያ ውስጥ የተደበቀው ነው። ዳታ መተንተኑን ብዙዎቹ ሲማሩት፣ የራስን ጥያቄ ማንሳትና መቅረጽ የደረሰው ለጥቂቶቹ ነበር። ሀብታም ላቦራቶሪ ውስጥ ጥያቄው የመምህሩ ነው፤ ተማሪው ገብቶ ያግዛል። እኛ ዘንድ ላቦራቶሪው ድሃ ነው፤ ጥያቄው ግን በርሜል ሞልቶ ደጅ ተቀምጧል። ይህን ያልኩት ድህነትን ለማወደስ እንዳይመስልብኝ፤ ማይክሮስኮፕ ቢኖር ማን ይጠላል።

* * *

የሚበላሸው የት ነው? ብዙውን ጊዜ ግቢው በር ላይ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው ቤቶች በየዩኒቨርሲቲው ዙሪያ አሉ፤ ማማከር ማለት ጽፎ መስጠት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የባለፈው ዓመት ተመራቂ ሥራ በፍላሽ ይመጣል፣ የከተማው ስም ይቀየራል፣ ሽፋኑ ይታተማል። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ ተጨምሯል፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ራሱ ገበያው ሳይቀዘቅዝበት አይቀርም። መጠይቁ ዶርም ውስጥ አልጋ ላይ ይሞላል፤ «እኔ ባለትዳር ልሁን፣ አንተ ያላገባህ ሁን» እየተባባሉ። አምስት ሆነው በቡድን ከተመደቡ ሁለቱ ይሠራሉ፣ አንዱ ለማተሚያ ያዋጣል፣ ሁለቱ ዲፌንስ ቀን ከረባት አስረው ይመጣሉ።

ተማሪውን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። አንድ መምህር በአንድ ሴሚስተር የሚያማክረው ተማሪ ሲበዛበት የሚያየው ሽፋኑንና ማውጫውን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ተመራቂ የሆነ ልጅ በመጨረሻው ሴሚስተር በርሜል ልቁጠር ወይስ ሞዴል ፈተና ልሥራ ብሎ ቢያመነታ ማን ይፈርድበታል? ፈተናው የሚጠይቀው ያለውን መልስ ነው፤ ምርምሩ የሚጠይቀው የሌለውን። ሁለቱን በአንድ ወቅት በአንድ ልጅ ጫንቃ ላይ መጫን አንዱን መግደል ነው፤ የሚሞተው የትኛው እንደሆነም ግልጽ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ምርምሩን ወደ ሦስተኛ ዓመት ባመጣሁት ነበር፤ ልጁ ገና ትንፋሽ ሳያጥረው።

ከሁሉ የሚያንገበግበው መጨረሻው ነው። ጥናቱ ዲፌንስ ይደረጋል፣ ውጤት ይሰጠዋል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ስለ ውሃ የተጻፈው ውሃውን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ አይደርስም። በሩን የከፈተው ሰው ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ወደ ተማሪያችን ልመለስና ታሪኳን ላብቃ። ዲፌንሷ ላይ ፈታኙ «ለምን አርባ ቤት ብቻ?» ብሎ ያፋጥጣታል። ስለ አቅም፣ ስለ ጊዜ፣ አርባው ምን ማለት እንደሚችልና ምን ማለት እንደማይችል ታስረዳለች፤ ድምጿ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ስለ ጣውላው ስትናገር ይረጋል። ታልፋለች። ዕቃዋ ተሸክፏል፣ የአውቶቡስ ቲኬቷ የነገ ሌሊት 11 ሰዓት ነው። አንድ ነገር ግን ይከነክናታል። ገንደ ቆሬ ያሉት እናት በርሜላቸውን ስትጨልፍ «አንቺ ልጅ፣ ባለፈውም መጥተው ጽፈው ሄደዋል፤ ምን እንደጻፉ ግን ተመልሶ የነገረን የለም» ብለዋት ነበር።

ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ በአማርኛ ትጽፋለች፤ ጓደኛዋ ከኋላው በኦሮምኛ ትገለብጥላታለች። ባጃጅ ይዛ ትሄዳለች። በሩ ክፍት ነው፤ ከውስጥ የጀሪካን ኳኳታ ይሰማል።

«እማማ፣ የበርሜሉን ነገር ልነግርዎት መጥቼ ነው።»

«ውይ፣ መጣሽ? ግቢ ልጄ፣ እሰማሻለሁ። አሁን ውሃ መጥቷል፤ ያንን ጎማ ያዥልኝና መጀመሪያ እሱን እንሙላ።»